ደሴቲቱን ያየሁበት ጥቅምት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን የብረት በሩን ነጭ ቀለም ቀባ። ቀትር ላይ ነበር፤ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮና ያልደረቀ ቀለም ሽታ በመስኮቴ ሲገባ እጄ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀምጬ፣ ሮጬ መስኮቱን ዘጋሁ። ሰውዬው አይቶኝ ኖሮ «ምነው ትርንጎ፣ ሽታው በጠበጠሽ እንዴ?» አለኝ። «ኧረ የለም፣ ራሴን አሞኝ ነው» አልሁት። ምን ልበለው? እኔን የሚያህል ሰው የቀለም ሽታ ያስፈራኛል ይላል?

ያስፈራኛል። መቼም ፈሪ ሆኜ ነው የተፈጠርሁ። ልጅ ሳለሁ ጉማሬ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ፣ የጎረቤት አውራ ዶሮ እንኳ እፈራ ነበር። እነዚያን ሁሉ ከዕድሜ ጋር ተውኋቸው። ይህኛው ግን አልለቀቀኝም። ይህን ሽታ ባሸተትሁ ቁጥር አምስተኛ ክፍል የነበርሁበት ጥቅምት ይመጣብኛል።

ያኔ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ጉብታ ላይ፣ አንድ የጠፈር መመልከቻ ተሠርቶ ነበር። ግድግዳው ክብ ነው፤ ጣሪያው ደግሞ ነጭ ቀለም የተቀባ ድቡልቡል ቆርቆሮ። እኛ ልጆች «ቆቡ» ነበር የምንለው፤ የመነኩሴ ቆብ ይመስል ነበርና። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ ከየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ክፍል እየተጠራ እዚያ ይሄዳል። በዚያ ጥቅምት ተራው የእኛ ክፍል ሆነ።

መጀመሪያ የሄድን ቀን ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ከሩቅ ሳየው ቤተ ክርስቲያን መሰለኝና፣ መስቀል የሌለው መሆኑን እንኳ ሳላስተውል ቆም ብዬ ተሳለምሁት። ይታየው የሚባል ከጎኔ የሚቀመጥ ልጅ ነበር፤ ሰው ለማብሸቅ የተፈጠረ ነው። አየኝ። «ኧረ ኑ እዩ! ትርንጎ ቆርቆሮ ተሳለመች!» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሳቀብኝ። ወሩን ሙሉ በቆርቆሮ ቤት ባለፍን ቁጥር «ተሳለሚ እንጂ» ይለኝ ነበር።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ጣሪያው በእጅ በሚሽከረከር መዘውር ይዞራል፤ ሲዞር ብረት ከብረት እየተፋጨ ጥርስ የሚያሳምም ጩኸት ይጮሃል። ከዚያ ጣሪያው ከአናቱ እስከ ግርጌው ይከፈትና ሰማይ በስንጥቁ ይገባል። የጋለው ቀለም ይሸታል። መሐል ላይ ቴሌስኮፑ ቆሟል፤ ሰው የሚያህል ወፍራም ነጭ ቱቦ። ዓይን የሚደቀንበት ከጎኑ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ስለሆነ፣ ልጆች የለስላሳ ሳጥን ላይ ወጥተን ነበር የምናይ።

የምታስተምረን ሰላም የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ነበረች። ሚስ ሰላም እንላታለን። ፈጠን ፈጠን ብላ ታወራለች፤ መነጽሯን በየደቂቃው በሸሚዟ ጫፍ ትወለውላለች። መጀመሪያ የነገረችን ነገር ይህ ነው።

«እዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ። ሁሉም አይቶ ሳይጨርስ ማንም ያየውን አይናገርም። ቀድሞ የሚያወራ ሰው የጓደኛውን ዓይን ነው የሚሰርቀው። ሁላችሁም ካያችሁ በኋላ ውጭ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን እንጫወታለን። እሺ?»

«እሺ ሚስ!»

በመጀመሪያው ሐሙስ ፀሐይን ነጭ ወረቀት ላይ አሳረፈችልን። ወደ ፀሐይ በቱቦው በቀጥታ ያየ ሰው ዓይኑ እንደሚጠፋ ደጋግማ አስጠነቀቀች። ወረቀቱ ላይ ያረፈችው ፀሐይ ደግሞ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ነበረባት። ሚስ ሰላም ጤነኛ ነገር ነው ብትልም እኔ አላመንሁም፤ ሻጋታ ነው ብዬ ነበር። ያን ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ የበራችን ደፍ ላይ ቆሜ ተሰናበትኋት።

በሁለተኛው ሐሙስ በጠራ የቀን ሰማይ ላይ ደብዛዛ ሆና የምትታየዋን ጨረቃ አሳየችን። እኔ ዓይኔ ይጠፋል ብዬ ሳጥኑ ላይ ወጣሁና ዓይኔን ጭፍን አደረግሁት። «ታየችሽ?» አለችኝ። «አዎ ሚስ» አልሁ። «ምን ትመስላለች?» «ቆንጆ ናት» አልኋት። ከኋላዬ ይታየው ሳቁን አፍኖ ሲያንኮራፋ ይሰማኛል።

ያን ዕለት ልትሸኘን ስትል ሚስ ሰላም ጣቷን ወደ ሐይቁ ዘረጋች። «በሚቀጥለው ሳምንት ሩቅ ነገርን አጥርቶ ማየት እንለማመዳለን። ለዚህ ደግሞ ያቺ ደሴት ጥሩ ናት» አለች።

ልጁ ሁሉ ዞር ብሎ አየ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ።

ያቺ ደሴት ሴት አትገባባትም። ገዳም ናት። ሴት ብቻ አይደለም፤ እንስት የተባለ ሁሉ፣ ላምም፣ ፍየልም፣ ዶሮም አይገባም። ግዝት ነው። ይህን የነገሩኝ አያቴ ናቸው። «ሴት አሣስ አባባ? ሴት አሣ በዚያ ስታልፍ ምን ትሆናለች?» ብዬ ጠይቄያቸው እስኪያስላቸው ስቀዋል። መልስ ግን አልሰጡኝም፤ እኔም ብዙ ጊዜ ለአምባዛና ለቀረሶ እናቶች ስሰጋ ኖሬያለሁ።

አያቴ የእናቴ አባት ናቸው። አገራቸው ዱርቤቴ ቢሆንም ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚሁ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ቀኝ እግራቸውን ማሽን መትቶት ያነክሱ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ስፈራ የምለጠፈውም በእሳቸው ጀርባ ላይ ነበር። ሚስታቸው፣ ሴት አያቴ፣ ከሞቱ በኋላ ግን ቤቱ አላስቀምጥ አላቸውና መነኮሱ። ሲሄዱ እናቴ ብታለቅስ «ምን ያስለቅስሻል? በጀልባ እኮ ነው የምሄድ» አሏት። እውነትም ለበዓል ለበዓል ብቅ ይሉ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ አልመጡም።

ወሬያቸውን የሚያመጣልን አባቴ ነው፤ ወንድ ስለሆነ በሶና ሽምብራ ይዞ በእሁድ ይሻገራል። ያን እሁድም ተሻግሮ ተመልሶ ነበር።

«ደኅና ናቸው» አላት እናቴን። «ትንሽ ከስተዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጸሎት ሲወጡ ለመነኮሳቱ ውሃ የሚቀዱት እሳቸው ናቸው።»

«በዚያ እግራቸው?»

«በዚያ እግራቸው። ተዉ ቢባሉ እንቢ አሉ። የሰጠኋቸውን ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው ጀልባ የሚያርፍበት ድንጋይ ላይ ይወርዳሉ። ዘንድሮ ሐይቁ ሞልቶ ድንጋዩ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።»

እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ዘጠኝ ሰዓት! እኛ ቆቡ ውስጥ የምንሆነው በዚያው ሰዓት ነው። አባባን ላያቸው ነው። አባባን ማየት ደግሞ ግዝት ማፍረስ ነው። ናፍቆቱና ፍርሃቱ ባንድነት ያዙኝና እህል አልገባልሽ አለኝ።

ሰኞ ይሁን ማክሰኞ፣ እናቴ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘነቡ ጋር ሽንኩርት እየላጠች ሳለ ዳር ዳር አልሁ።

«እማ፣ ሴት ልጅ ደሴቲቱን ብታይ ግዝቱ ይይዛታል?»

«ከዚህ ቆሞ ማን የማያያት አለ? ሂጂ ውሃ አምጭልኝ።»

«ቅርብ አድርጎ በሚያሳይ ትልቅ መነጽርስ?»

እናቴ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። እትዬ ዘነቡ ግን ቢላዋዋን አስቀምጣ አማተበች። «በስማም! ዓይን ከገባማ እግር ገባ ማለት አይደለም? ደግሞ እዚያ ደሴት ላይ የበቁ አባቶች አሉ። ሰው ሲያያቸው ይሰወራሉ። ሽቅብ ነው የሚነጠቁት! ያየ ሰው አፉን መያዝ ነው፤ ካወራ ምላሱ ይታሰራል።»

«ተይ እንጂ ዘነቡ፣ ልጄን አታባንኝብኝ» አለች እናቴ።

«ምን አልሁ? የሚባለውን ነው የነገርኋት።»

«አባባም በቅተዋል?» አልሁ።

«ማን ያውቃል ልጄ» አለች እትዬ ዘነቡ፣ ወደ ሽንኩርቷ እየተመለሰች።

ሐሙስ ጠዋት ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ ተኛሁ። እውነቴን ነበር፤ ከፍርሃት የመጣ ቁርጠትም ቁርጠት ነው። እናቴ ግን ጤና አዳም ጨምቃ በግድ አጠጣችኝና «በይ ተነሽ፣ የፈተና ቀን በሽታ ነው ይህ» ብላ ከነምሬቱ ሰደደችኝ።

ቆቡ ውስጥ ስንገባ ቀለሙ ከወትሮው ብሶበት ይሸት ነበር። ቀኑ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት ቀን ነው። ሚስ ሰላም ቱቦውን ዝቅ አድርጋ ከሐይቁ ትይዩ አጋደመችውና ብዙ አስተካከለች።

«ጀልባ የሚያርፍበት ድንጋይ ላይ ነው ያነጣጠርኩት። እንዳትነኩት፤ ዓይናችሁን ብቻ ደቅኑ። ዛሬ የምታዩት ነገር ይገርማችኋል። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ሕጉን አትርሱ!»

ተሰለፍን። የሚወርዱት ልጆች ፊታቸው ልክ አልነበረም። አንዷ አፏን ከፍታ ወረደች፤ አንዱ ተመልሶ ሊያይ ሲል ተገፋ። ይታየው ከፊቴ ነበር። ሲወርድ ሕጉን እንዳያፈርስ በሁለት እጁ አፉን ይዞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝና አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ጠቆመኝ። እንደዚያ ደንግጦ አይቼው አላውቅም።

ሳጥኑ ላይ ወጣሁ። «ጌታ ሆይ፣ አንዴ ብቻ ልያቸው» አልሁና ዓይኔን ገለጥሁ።

ደሴቲቱ ተገልብጣለች።

ዛፎቹ ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። ድንጋዩ ከዛፎቹ በላይ ሆኗል፤ ከድንጋዩ በላይ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ሰማይ። እኔ ነኝ ያደረግሁት! ዓይኔ ከመግባቱ ገዳሙን ገለበጥሁት! ልወርድ ስል አንድ ቢጫ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጀሪካን ነው። የያዘው ሰው ጭንቅላቱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ይሄዳል። አንድ እርምጃ ይረግጣል፣ አንዱን ይጎትታል። በዚያ አረማመድ በሺህ ሰው መሐል እለያቸዋለሁ። አባባ ናቸው።

ደስ አለኝ። እንዲያ እየፈራሁ እንኳ ደስ አለኝ። ድንጋዩ ጫፍ ደረሱና ቆሙ። ከዚያ ተነጠቁ። ሽቅብ! እጃቸው ተዘረጋ፣ ነጠላቸው ተርገበገበና ወደዚያ ወደሚያብለጨልጨው ሰማይ በእግራቸው ገቡ። ሰማዩ ዋጣቸው፤ ከዋጣቸው በኋላም ክብ ክብ እየሠራ ተናወጠ። ድንጋዩ ላይ ማንም የለም።

«ትርንጎ፣ አየሽ?» አለችኝ ሚስ ሰላም።

ራሴን ነቀነቅሁ። እንዴት እንደወረድሁ አላውቅም። ከኋላዬ ገና ብዙ ልጅ ተሰልፎ ነበር። ወጥቼ ሣሩ ላይ ከሁሉም ርቄ ተቀመጥሁና ምላሴን በጥርሴ ያዝሁት። አባባ በቅተው ነበር ማለት ነው። ያየሁት እኔ ስለሆንሁ ተሰወሩ። ከእንግዲህ ለፋሲካ አይመጡም፣ ለጥምቀት አይመጡም። አባቴ እሁድ በሶ ይዞ ተሻግሮ ያጣቸዋል። እናቴ ምን ልትል ነው? ልንገራት ብል ምላሴ ይታሰራል፤ ዝም ብል ደግሞ ዕድሜ ልኳን ስትፈልጋቸው ልትኖር ነው። ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ምላሴ እንደሚንቀሳቀስ ነካካሁት። እንባዬ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን አላወጣሁም።

በመጨረሻ ሁሉም አይቶ ወጣና ሚስ ሰላም እጇን አጨበጨበች። «በሉ አሁን መናገር ይቻላል። ምን አያችሁ?»

«ተዘቅዝቋል!» ብሎ ይታየው ከመሬት ተነሳ። «ዛፉ ሁሉ ተዘቅዝቋል!» ልጁ ሁሉ ባንድ አፍ ጮኸ። እሷም እየሳቀች ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀችና፣ ውስጡ ያለው መስተዋት የሚያሳየውን ነገር ሁሉ እንደሚገለብጠው አስረዳችን። ጨረቃ ላይና ታቿ ስለማይለይ ባለፈው አላስተዋልነውም አለች።

«ስለዚህ ከላይ ያያችሁት የሚያብለጨልጭ ነገር ሰማይ አይደለም፤ ውሃው ነው። እንደገና ልንገራችሁ።» እስክሪብቶዋን ከፍ አድርጋ ለቀቀቻት። «ይህች እስክሪብቶ ወደቀች አይደል? በቴሌስኮፕ የሚያያት ሰው ግን ወደ ላይ ስትወጣ ነው የሚያያት።»

ጆሮዬ ጭው አለ።

አልተሰወሩም። አልተነጠቁም። ውሃ ውስጥ ናቸው! እኔ እዚህ ምላሴን ይዤ ስቀመጥ እሳቸው ውሃ ውስጥ ናቸው! ተነስቼ ልጮህ አፌን ከፈትሁ፤ ድምፄ አልወጣም። ታሰረ አልሁ፣ ይኸው ታሰረ። እንደገና ሞከርሁ። እንደምንም ብሎ፣ የራሴ የማይመስል ድምፅ ወጣ።

«ወድቀዋል!»

«ማነው የወደቀው?» አለ ቲቸር አስማረ፤ የክፍላችን አስተማሪ ነው።

«አባባ! አያቴ! ሲወጡ አየሁ፣ ሰማይ አይደለም፣ ውሃ ነው! ውሃ ውስጥ ናቸው!»

ልጆቹ ሳቁ። ቲቸር አስማረ «ምን ነካት ይህችን ልጅ?» አለ። ሚስ ሰላም ግን አልሳቀችም። አንዴ አየችኝና ወደ ቆቡ ሮጠች። ተከተልኋት። ዓይኗን ደቅና ጥቂት ቆየች።

«ቢጫ ነገር ውሃው ላይ ይንሳፈፋል» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ጀሪካኑ ነው! የእሳቸው ነው ሚስ፣ ማርያምን!»

ከዚያ ሁሉም ነገር ተቀላቀለ። ቲቸር አስማረ ከጉብታው ሥር ጀልባ ላለው ለአያ ፈንታ ደወለ፤ እኔ ሳልጠብቅ ቁልቁል ሮጥሁ። ስደርስ አያ ፈንታ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ጀልባው ላይ ልወጣ እግሬን ሳነሳ በክንዱ መለሰኝ።

«ቅሪ አንቺ! የት ልትገቢ ነው?»

«አያቴ ናቸው፣ በሞትሁት!»

«ቅሪ አልሁ። ሴት አይገባም» አለና ከአንድ ጓደኛው ጋር ሄደ።

ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ጀልባዋ እያነሰች እያነሰች ስትሄድ አያታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኔ አይደርስም። የሚያየው የሚስ ሰላም ዓይን ብቻ ነው። ከላይ ከቆቡ በር እየወጣች ትጮህልን ነበር። «ደርሰዋል!» ተመልሳ ገባች። «የዳሩ ደንገል ሣር ውስጥ ገብተዋል!» ደግሞ ገባች። ከዚያ አልወጣችም። ብጠብቅ ብጠብቅ አልወጣችም። ለምን አትወጣም? ምን አይታ ነው የቀረችው? ይታየው መጥቶ ከጎኔ ውሃው ውስጥ ቆመ። ሹራቡን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። የእሱ ደግነት ይብስ አስፈራኝ።

ጀልባዋ ስትመለስ ሰው ተጋድሞባታል፤ ጋቢ ተጥሎበታል። ፊቱን ይሸፍን አይሸፍን አይታየኝም። ፊቱ ከተሸፈነ አለቀ፤ ይህን አውቃለሁ። ዓይኔን ልጨፍን ፈልጌ እንቢ አለኝ።

«ነፍሳቸው አለ!» ብሎ አያ ፈንታ ከሩቅ ጮኸ። «ባጃጅ ጥሩ! ቶሎ በሉ!»

የዳሌያቸው አጥንት ተሰብሮ ነበር፤ ደረታቸውም ውሃ ገብቶበታል። ሐኪም ቤት ከተኙ በኋላ ሰው ሁሉ እኔን ማመስገን ሆነ ሥራው። «አንቺ ባታያቸው!» ይሉኛል። ባሉኝ ቁጥር ፍርሃቴ ይጨምራል። ባላያቸውስ መቼ ይወድቁ ነበር? ይህን የሚያስብ ሰው ያለ አይመስልም። ከገዳሙ አንድ ሽማግሌ አባት ሊጠይቁ መጥተው ቤታችን ሲያርፉ አልጋ ሥር ገባሁ። እናቴ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለኝ አንዴ የቤት ሥራ፣ አንዴ ራስ ምታት አልሁ። በመጨረሻ «አንቺን ነው የሚጠሩ፣ ልባቸውን አታድርቂው» አለችና እጄን ይዛ ወሰደችኝ። እኔን በሩ ላይ ትታ መድኃኒት ልትገዛ ወረደች።

«ይፍቱኝ» አልሁ ከበሩ ሳልርቅ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ቅረቢ እንጂ፣ ምን እዚያ ይገትርሻል?»

ቀረብሁ። ቆባቸው ከራስጌያቸው ተቀምጧል። ያለ ቆብ ሳያቸው ትንሽ ሆነውብኝ ደነገጥሁ።

«ያየሽኝ አንቺ ነሽ አሉኝ።»

ከዚያ በላይ መቻል አልቻልሁም። «ሴት ሆኜ አየሁ አባባ! ዓይኔ ገባ! እኔ ባላይ አይወድቁም ነበር!» ብዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፋሁ።

ይኸው ሊረግሙኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«የወደቅሁት ድንጋዩ አንሸራቶኝ ነው» አሉ። «ይህ እግር ተው ሲለኝ እልኸኛ ሆኜ ነው። ቀና በይ።» ቀና አልሁ። «የደንገል ሥር ጨብጬ ብጮህ የሚሰማኝ አጣሁ። አባቶች ሁሉ በየበዓታቸው ገብተዋል። ውሃው አገጬ ላይ ደረሰ። ያኔ ምን እንዳልሁ ታውቂያለሽ?»

«ጸለዩ?»

«ጸሎቱ ሁሉ ጠፋኝ። ስንት ዓመት የደገምሁት ዳዊት አንዲት ቃል አልመጣልህ አለኝ። ‹ጌታዬ፣ የሚያየኝ ሰው ስጠኝ› ነው ያልሁ። ወንድ ይሁን ሴት ይሁን አልመረጥሁም።»

እንባዬን በእጄ ጠረግሁ። «ፈርተው ነበር አባባ?»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። አንሶላውን እስከ አገጫቸው ሳቡት። መነኩሴ የሚፈራ አይመስለኝም ነበር፤ ጀርባቸው ላይ ስለጠፍ የኖርሁት እሳቸው አይፈሩም ብዬ ነው።

«በጣም ፈራሁ፣ ትርንጎ። አሁንም ዓይኔን ስከድን ውሃው ይመጣብኛል። ይህን ለእናትሽ እንዳትነግሪብኝ፤ እንቅልፍ ካየሁ ሰነበትሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ እዚያ ተቀመጭና እይኝ» አሉኝ።

ወንበሩን ሳብሁና ፊት ለፊታቸው ተቀመጥሁ። ዓይናቸው ቀስ እያለ ተከደነ፤ አንዴ ባንነው ገለጡትና መኖሬን አይተው መልሰው ከደኑት። እናቴ መድኃኒቱን ይዛ መጥታ «በይ ተነሽ እንሂድ፣ መሸ» ስትለኝ ፊቴን አላዞርሁላትም።

«ዝም በይ እማ» አልኋት። «እያየኋቸው ነው።»